ሁለተኛው ቅጂ ይድረሰን

ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣
ግዕዝ ለሚያስተምሩና ለሚመረምሩ የዩኒቨርሲቲ ክፍሎች፣
መጽሐፍ ለምትወዱ ወገኖቼም በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ ከሀገራችን የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ዝርዝር ወደ አማርኛ እንዲመለስ፣ ቅጂያቸውም እስከ አብነት ትምህርት ቤቶች እንዲዘልቅ ስለመጠየቅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ጎጃም ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ደብር ነው ያደግኩት። ብራና ሲፍቁ፣ ቀለም ሲበጠብጡ፣ መቃ ሲቀርጹ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። መጽሐፉ ሲያልቅ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጸሎት ይጽፋሉ። «ለዘጸሐፎ፣ ወለዘአጽሐፎ፣ ለዘአንበቦ፣ ወለዘተርጐሞ፣ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ»። የጻፈውን፣ ያስጻፈውን፣ ያነበበውን፣ የተረጎመውን፣ ቃሉንም የሰማውን እግዚአብሔር አንድ ላይ ይማራቸው ማለት ነው። ልጅ ሆኜ «ለምን አምስት ሰው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንዱ ከጎደለ መጽሐፉ አላለቀማ» አሉኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይህ መልሳቸው ነው።

አሁን የምኖረው ፈረንሳይ ነው። 14 ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ሐምሌ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር እስፔን ድንበር ላይ ወዳለችው አንዳይ ከተማ ሄድን። እዚያ ከባሕሩ በላይ፣ ገደሉ ጫፍ አካባቢ አንድ ትልቅ ግንብ አለ። አባዲያ ይሉታል። ዙሪያው ሣርና ነፋስ ነው። ከውጭ ስታዩት የአውሮፓ መሳፍንት ቤት ይመስላል። ውስጡ ስትገቡ ግን ግድግዳው ላይ የሀገራችን ሰው ተስሏል። ከዚያም አማርኛ ተጽፏል፣ በኛው ፊደል። ልጄ ገና ፊደል እየቆጠረች ነው። ጣቷን ቀስራ «አባዬ፣ ይሄ የኛ ነው አይደል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ከዚያ በላይ የምነግራት ነገር አልነበረኝም። አፈርኩ። ቤቴ ስመለስ ስለ ባለቤቱ ማንበብ ጀመርኩ፤ እስካሁንም አላቆምኩም።

እስቲ ስለ ሰውየው ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አንቷን ዳባዲ በ1810 ደብሊን ተወለደ። እናቱ አየርላንዳዊት፣ አባቱ ከፈረንሳይ የባስክ ምድር የመጣ ሰው ነበር። በልጅነቱ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ሀብታሞች ነበሩ። ለእንጀራው መሮጥ አያስፈልገውም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ዕድሜውን በግብዣና በአደን ሊጨርሰው ይችላል። እሱ ግን ለትምህርት አዋለው። በ1836 ገና ወጣት ሳለ ከአንድ የባስክ ጸሐፊ ጋር ሆኖ ስለ ባስክ ቋንቋ ሰዋስው መጽሐፍ አሳተመ። ይህን ነገር ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ። የአባቱ ቋንቋ ትንሽ ነው፤ ትልልቆቹ ቋንቋዎች መሃል የተጨነቀ። እንዲህ ካለ ቤት የወጣ ሰው የሌላውን ሀገር ቋንቋና ፊደል በንቀት አያይም። ባስኮች ዛሬም «የባስኮች አባት» ብለው ያስታውሱታል።

በ1838 ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ወረደ። አንቷን በመሃል መሣሪያ ሊያመጣ ወደ አውሮፓ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ እስከ 1848 ድረስ ሀገራችን ነበር። ዘመነ መሳፍንት ነው። መንገዱ ሽፍታ፣ ወንዙ ሙላት፣ በየበሩ ኬላ። አርኖ ወደ ጎጃም ዘልቆ የደጃዝማች ጎሹ ወዳጅ ሆነ፤ አብሯቸውም ዘመተ። አንቷን ደግሞ የሀገሩን ልብስ ለብሶ ከዓድዋ ጎንደር፣ ከጎንደር ጎጃም፣ ከዚያም ዓባይን ተሻግሮ እስከ እናርያና ከፋ ሄደ። እናርያ የንጉሥ አባ ባጊቦ ሀገር ነበረች። ተራራ በተራራ እየወጣ ማዕዘን ይለካል፣ ኮከብ ይቆጥራል፣ ሌሊት ይጽፋል። ከዚያ የወጣው ካርታ ለረጅም ጊዜ የሀገራችን ምርጥ ካርታዎች ውስጥ ተቆጥሯል።

ተሳስቷልም። የነጭ ዓባይ ምንጭ ግቤ ነው ብሎ አምኖ ነበር፤ አይደለም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቤክ ደግሞ «ዳባዲ ከፋ አልደረሰም» ብሎ በአደባባይ ከሰሰው። ቤክ የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለራሱ የሸለመውን ሜዳሊያ እስከ መመለስ ደረሰ። ይህን የምነግራችሁ ሰውየውን ጻድቅ አድርጌ እንዳላቀርብላችሁ ነው። ሰው ነበር፤ ግትርም ነበር ይባላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ካርታው አይደለም። መጻሕፍቱ ናቸው።

በነዚያ ዓመታት ዳባዲ መጽሐፍ ይፈልግ ነበር። የሚሸጥ ካገኘ ይገዛል። አልሸጥም ካሉት ጸሐፊ ቀጥሮ ያስገለብጣል። ወደ ሀገሩ ከተመለሰ በኋላም በደብዳቤ እየጠየቀ ያስመጣ ነበር። በ1859 ፓሪስ ላይ የመጻሕፍቱን ዝርዝር አሳተመ። 234 ቁጥር አለው። ዝርዝሩን የሠራው ራሱ ነው። እያንዳንዱን መጽሐፍ እያገላበጠ መልኩን፣ መጠኑንና በውስጡ ያለውን በፈረንሳይኛ ጻፈ። ገዝቶ መደርደሪያ ላይ የሚያቆም ሰብሳቢ ብዙ ነው። የሰበሰበውን አንብቦ «ይህ እንዲህ ነው» ብሎ ለሌላው የሚያስረዳ ግን ጥቂት ነው። በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን አሳተመ። ያኔ 71 ዓመቱ ነበር።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልግባ።

በ1847 ዳባዲ ጉንዳ ጉንዶ ገዳም ደረሰ። ጉንዳ ጉንዶ አጋሜ ውስጥ፣ ለመድረስ እጅግ የሚያስቸግር ገደላማ ቦታ ላይ ያለ ገዳም ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ከንጉሡ ከዘርዐ ያዕቆብ ጋር የተጋጩት የደቂቀ እስጢፋኖስ ቤት ነው። እነዚያ መነኮሳት መጽሐፍ በመጻፍ የታወቁ ናቸው። እዚያ ዳባዲ ሌላ ቦታ ያላየውን አንድ መጽሐፍ አገኘ፤ የሄርማስን ኖላዊ፣ እረኛ ማለት ነው። ሄርማስ ሮም ከተማ የኖረ፣ ነፃ የወጣ ባሪያ ነው። መጽሐፉ በሁለተኛው መቶ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈ ሲሆን በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን በጣም ይነበብ ነበር። አንዳንዶች ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ይቆጥሩት ነበር። በኋላ ግን አውሮፓ ውስጥ የግሪክኛው ንባብ ጠፍቶ ለብዙ መቶ ዓመታት በላቲን ብቻ ኖረ። ግዕዙን የሚያውቅ አውሮፓዊ አልነበረም። ጉንዳ ጉንዶ ግን ነበረ። የኛ አባቶች ከግሪክኛ መልሰውት፣ ጽፈውት፣ አኑረውት ነበር።

ዳባዲ አስገለበጠው። ቅጂው በስብስቡ ውስጥ ቁጥር 174 ነው። ከዚያ ቁጭ ብሎ ወደ ላቲን ተረጎመው። ግዕዙንና ላቲኑን አንድ ላይ በ1860 ላይፕዚግ ላይ አሳተመ፤ ያሳተመለትም የጀርመን የምሥራቅ ጥናት ማኅበር ነው። ጊዜውን ልብ በሉት። ግሪክ ውስጥ ካለው ከአቶስ ተራራ የወጡ የግሪክኛ ቅጠሎች ገና መነጋገሪያ ሆነው ነበር። በ1859 ደግሞ ጀርመናዊው ሊቅ ቲሸንዶርፍ ከሲና ገዳም ባወጣው ጥንታዊ መጽሐፍ ቅዱስ መጨረሻ ላይ የሄርማስ መጀመሪያ ክፍል ተገኘ። ሊቃውንቱ ሁሉ ስለ ሄርማስ ይከራከሩ በነበረበት ሰዓት ግዕዙ ጠረጴዛቸው ላይ ደረሰ። የሄርማስ መጨረሻ እስከ ዛሬ በግሪክኛ ሙሉ ሆኖ አልተገኘም። የጎደለውን የሚሞሉት ላቲኑና ግዕዙ ናቸው። ግዕዙ ላይ ደግሞ ሄርማስን ከሐዋርያው ከጳውሎስ ጋር አንድ የሚያደርግ ጽሑፍ አለ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 የልስጥራ ሰዎች ጳውሎስን «ሄርሜን» እንዳሉት ታስታውሳላችሁ፤ ከዚያ የመጣ ይመስላል። እንዲህ ያለውን የአንድምታ መምህር ቢያየው ስንት ነገር ያወጣበት ነበር።

ስለ ሄርማስ ውስጡ ደግሞ ትንሽ ልበል። ይህን ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ።

በሁለተኛው ራእይ ሄርማስ አንዲት አሮጊት ያያል። ትንሽ መጽሐፍ ይዛ እያነበበች ትሄዳለች። ቃሉን ለሰው እንዲያደርስ ትጠይቀዋለች። እሱም «ይህን ሁሉ በቃሌ መያዝ አልችልም፤ መጽሐፉን ስጪኝና ልገልብጠው» ይላታል። ትሰጠዋለች። ሜዳ ላይ አንድ ጥግ ይዞ ፊደል በፊደል ይገለብጠዋል፤ ቃሉን ከቃሉ መለየት አልቻለምና። እኛ ንባብ ቤት «ቁጥር» የምንለው ማለት ነው፤ ልጅ ሳይገባው ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራ የሚሄድበት ደረጃ። ትርጉሙ የሚገለጥለት ከ15 ቀን በኋላ፣ ጾሞ ጸልዮ ነው። ከዚያ አሮጊቷ ትመለስና እንዲህ ታዘዋለች። መጽሐፉን ሁለት አድርገህ ጻፍ። አንዱን ለክሌመንጦስ ላክ፤ እሱ በውጭ ላሉ ከተሞች ይልከዋል፣ ሥራው ነውና። ሁለተኛውን ለግራፕቴ ላክ፤ እሷ መበለቶችንና የሙት ልጆችን ታስተምርበታለች። አንተም በዚህች ከተማ ከሽማግሌዎች ጋር ሆነህ ታነበዋለህ።

ዳባዲ ይህን ሲተረጉም ምን ተሰምቶት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። የክሌመንጦስን ሥራ እሱ ሠርቶታል። መጽሐፉ በውጭ ወዳሉ ከተሞች ሄዷል፤ ፓሪስም ላይፕዚግም ደርሷል። የግራፕቴ ቅጂ ግን መንገድ ላይ ነው። ገጠር ያለው የቅኔ ተማሪ፣ ቆሎ ለምኖ የሚያድረው ልጅ፣ እጁ ላይ አልገባም።

ስለ ሄርማስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መጽሐፈ ሄኖክን ውሰዱ። በሙሉ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ በ1906 የግዕዙን ንባብ ሲያሳትም ከተጠቀመባቸው መካከል የዳባዲ ቁጥር 35 እና 55 አሉ። ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብንም ውሰዱ፤ የፈላስፋውን እንጂ የንጉሡን ማለቴ አይደለም። ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና በተነሣ ቁጥር የሚነሣው ይህ መጽሐፍ የሚገኘው በዳባዲ ቁጥር 215 እና 234 ነው። የላከለት በጌምድር ይኖር የነበረው ጣሊያናዊ ካህን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። በኋላ ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ «ራሱ ጁስቶ ነው የደረሰው» አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር «የለም፣ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው» ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ አሁንም አላበቃም። እኔ ፍርድ ለመስጠት አቅሙ የለኝም። የምለው አንድ ነገር ነው። የግዕዙን ለዛ ሰምቶ «ይህ የሀገሬ ደብተራ አፍ ነው» ወይም «አይደለም» ለማለት ቅኔ ከተማረ ሰው የተሻለ ማን አለ? ያ ሰው ግን ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጦ የማየት ዕድል አላገኘም። ክርክሩ ሲካሄድ የኖረው አብዛኛውን ጊዜ በጣሊያንኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ሀገር ቤት ስመጣ ይህን የዳባዲን ዝርዝር ፍለጋ አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ስሙን አልጠራም። የካርድ መሳቢያው ውስጥ ዝርዝሩ አለ። ደስ ብሎኝ ቁጥሩን ጽፌ ሰጠሁ። ሠራተኛው ቆይቶ ተመለሰ። «ካርዱ አለ፣ መጽሐፉ የለም» አለኝ። መቼ እንደጠፋ የሚያውቅ አልነበረም። ልጁ ጨዋ ነው፤ እሱን አልወቅስም። እንዲያውም «ቢኖርስ ማን ያነበዋል፣ ፈረንሳይኛ ነው» አለኝ አዝኖ። እውነቱን ነው። ከዚያ በኋላ አንድ የቅኔ መምህር ዘንድ ሄጄ ስለ ሄርማስ ነገርኳቸው። ስሙን ያውቁታል። መጽሐፉን ግን አይተው አያውቁም። «እንዴት ያለ ነገር ነው ልጄ፣ የኛን መጽሐፍ በላቲን ያነብቡታል፣ እኛ በግዕዝ አላየነውም?» አሉ። እስኪመሽ ድረስ ስለሱ ስንጨዋወት ቆየን።

አንዳንዶቻችሁ «ይመለስልን ብለህ ለምን አትጮህም?» ትሉኝ ይሆናል። ይህን ጥያቄ አከብረዋለሁ። የብራና መጻሕፍታችን መጨረሻ ላይ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን» ተብሎ ይጻፋል። የሰረቀው፣ የፋቀው የተወገዘ ይሁን። አባቴም ይጽፉት ነበር። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት መጻሕፍት በጦርነት የተዘረፉ ናቸው። ዛሬ የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ 350 ያህሉ አሉ። የነዚያ ጥያቄ መመለስ ነው፤ እኔም አብሬ እጠይቃለሁ። የዳባዲን ግን ከነዚያ ጋር አንድ ላይ መጨፍለቅ ትክክል አይመስለኝም። ከፍሎ ገዝቷል፣ ከፍሎ አስገልብጧል። በአባቴ ጸሎት ቋንቋ ካየነው «ዘአጽሐፎ» ነው፤ «ዘተርጐሞ»ም ነው። እኔ የምጠይቀው የቀሩትን ነው፣ ያነበበውንና የሰማውን።

ቅጂ ደግሞ ለሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከ1973 ጀምሮ የገዳማትና የአድባራት መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ይቀመጥ ነበር። ለዚህ ሥራ የደከሙት ሰዎች ስንት መጽሐፍ እንዳተረፉልን በቃል አይነገርም። በኋላ በጦርነትም፣ በእሳትም፣ በስርቆትም መጻሕፍት ጠፍተዋል። በቅርቡ በትግራይ ጦርነት ጊዜ በገዳማትና በአብያተ ክርስቲያናት ላይ የደረሰውን ሁላችንም ሰምተናል። አንድ መጽሐፍ አንድ ቦታ ብቻ መኖሩ ያስፈራል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው።

ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፦ የ1859ኙን ዝርዝር ወደ አማርኛ አስመልሱልን። አንድ ሰው የሠራውን 234 ቁጥር መተርጎም ለአንድ መሥሪያ ቤት ከባድ አይደለም። ፈረንሳይኛ የሚያውቅና ግዕዝ የሚያውቅ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቀመጡ ይሠሩታል። ከሱ በኋላ ሊቃውንቱ ሻን እና ኮንቲ ሮሲኒ እነዚሁኑ መጻሕፍት እንደገና መርምረው ጽፈዋል፤ የዳባዲን ስሕተት ያረሙበትም ቦታ አለና አብሮ ይታይ። ከዝርዝሩ በላይ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። በየመጽሐፉ መጨረሻ የጸሐፊው ስም፣ ያስጻፈው ስም፣ ቦታውና ዘመኑ ይኖራል። እነዚያን ስሞች አውጡልን። ዓለም መጻሕፍቱን «ዳባዲ 174»፣ «ዳባዲ 55» እያለ ነው የሚጠራው። ይህ የግድ ነው፤ ቁጥር ያስፈልጋል። ግን ከቁጥሩ በፊት አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ጽፎታል። ጀርባው ታሞ፣ ዓይኑ ደክሞ። አባቴን አይቻለሁና አውቀዋለሁ። የስንት ሰው ልጅ ልጅ የአያቱ ስም ፓሪስ ውስጥ በብራና ላይ እንዳለ ሳያውቅ ይኖራል።

ለዩኒቨርሲቲዎቹ፦ ከዳባዲ መጻሕፍት ውስጥ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ፎቶ አንሥቶ ጋሊካ በሚባለው ድረ ገጹ ላይ ያወጣቸው አሉ። ፓሪስ ያለ ተማሪ በነፃ ያያቸዋል። ጎንጅ ወይም ዲማ ያለ የቅኔ ተማሪ ግን መረብ የለውም፤ ስልክ ቢኖረውም ካርድ የሚሞላበት የለውም። ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር ተነጋግራችሁ ፎቶዎቹን በዲስክ አምጡልን። ጎንደርም ባሕር ዳርም አዲስ አበባም መቐለም ይቀመጡ። ከዚያ የተወሰኑት በወረቀት ታትመው የኔታዎች እጅ ይግቡ። ጉንዳ ጉንዶን አትርሱ። ሄርማስ ከዚያ ነው የወጣው፤ የታተመው ግዕዝ አንድ ቅጂ ለመነኮሳቱ ቢሄድላቸው እንዴት ደስ ባለኝ።

በውጭ ለምንኖር ወገኖቼም አንድ ቃል አለኝ። እኛ እነዚህ መጻሕፍት ደጃፍ ላይ ነን። ፓሪስ ያላችሁ፣ ለንደን ያላችሁ፣ ቫቲካን አጠገብ ሮም ያላችሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ስንቀመጥ ስለ ሀገር ብዙ እናወራለን። አንድ ቀን ልጆቻችንን ይዘን እንሂድ። የልጆቻችሁ ፊደል አባዲያ ግድግዳ ላይ አለ። መግቢያ የሚከፈልበት መዘክር ነው፣ ማንም ይገባል።

ስለ ዳባዲ መጨረሻ ልንገራችሁና ላብቃ። ግንቡን ከ1864 ጀምሮ 15 ዓመት አሠራው። ንድፉን ያወጣው ዝነኛው የሕንፃ ባለሙያ ቪዮሌ ለ ዱክ ነው። በ1859 አግብቶ ነበር፤ ልጅ አልወለዱም። በ1892 የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። ግንቡን ሲያሠራ በግድግዳዎቹ ቀዳዳ አስወጥቶ፣ ሩቅ ያለውን የላሩን ተራራ በመነጽር ሊያይና የብርሃንን አካሄድ ሊለካ ሞክሮ ነበር። አልተሳካለትም። ቀዳዳው አጠገብ በባስክኛ «ኤስ ኢኩሲ፣ ኤስ ኢካሲ» ብሎ አስጻፈ። «አላየሁም፣ አልተማርኩም» ማለት ነው። በ1896 ግንቡንና መሬቱን ለአካዳሚው ሰጠ፤ የግማሽ ሚሊዮን ኮከቦች ዝርዝር በ50 ዓመት ውስጥ ሥሩልኝ ብሎ። በ1897 መጋቢት ወር ፓሪስ ላይ አረፈ፤ 87 ዓመቱ ነበር። የብራና መጻሕፍቱ በአካዳሚው በኩል ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ገቡ፤ እስከ ዛሬ በስሙ ተለይተው ተቀምጠዋል።

ባዶ እጄን ልለምናችሁ አልፈለግኩም። አባቴ ግዕዝ አስተምረውኛል፤ ፈረንሳይኛውን ኑሮ አስተምሮኛል። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ የዝርዝሩን የመጀመሪያ 20 ቁጥሮች ወደ አማርኛ መልሻለሁ። ቁጥር 174ንም ከተራው አውጥቼ አስቀድሜዋለሁ። ስሕተት አይጠፋውም፤ የሚያርመኝ ሊቅ እፈልጋለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬላችኋለሁ። የምትቀጥሉት ከሆነ ቁጥር 21 ላይ ነው የቆምኩት።

ከአክብሮት ጋር
የቁም ጸሐፊው ልጅ፣ ከፈረንሳይ